የተዋናይቷ ለቅሶ

«ፎቶዋስ?» አለ አበጋዝ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የያዘው ወንበር ላይ እየተመቻቸ። «ሰው ያለ ፎቶ ይለቀሳል እንዴ?»

አፀደ የሟች እናቷን መኝታ ቤት በር ተደግፋ ቆመች። አበጋዝን እዚህ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ዙይድ ሰፈር ውስጥ ማንም ለቅሶ አይጠራውም፤ እሱም ከማንም ለቅሶ አይቀርም። ለደርግ መንግሥት ወሬ ያቀብላል ይባላል። እሱ ሲገባ ሁሉም ስለ ዝናብ ማውራት ይጀምራል።

እናቷ እዚህ የምትታወቀው የትነበርሽ ተብላ ነው። እውነተኛ ስሟ ብዙወርቅ ነበር። በቀይ ሽብር ዘመን ስትታደን በሱዳን በኩል ጠፋች፤ አዲስ አበባ የቀረው ወንድሟ ማንደፍሮ የቀበሌው ጥያቄ ሲበዛበት «መንገድ ላይ ሞታለች» ብሎ ድንኳን ጥሎ ለቅሶ ተቀመጠ። መኖሯ ከተሰማ የሚታሰረው እሱ ነው። ስለዚህ አበጋዝ የብዙወርቅን እውነተኛ ፊት ማየት የለበትም።

አፀደ ከአልጋው ራስጌ ያለውን ፎቶ አንስታ ወጣች። የሆሊውድ ተዋናይት ናት፦ አንድ ቅንድቧ ከፍ ያለ፣ ከከንፈሯ ጎን ማርያም የሳመቻት። ብዙወርቅ በልጅነቷ ሲኒማ ቤት ካየቻት ጀምሮ ኩል እየተኳለች እሷን ስትመስል ኖረች። የአረጋውያን መጦሪያ ሽንት ቤት ልታጥብ ስትሄድ እንኳ ቅንድቧን ሳትስል አትወጣም ነበር።

አፀደ «ለማን ብለሽ ነው?» ስትላት፣ «የተኳለ ፊት ያየ ሰው ከሥሩ ማን አለ ብሎ አይጠይቅም» ትላታለች።

አፀደ ነጠላዋን በተዋናይቷ ጸጉር ላይ ጣል አድርጋ ፎቶውን ጠረጴዛ ላይ አቆመች። ለለቀስተኞቹ ሁሉ ዘዴው ገባቸው።

ምስጢሩን የሚያውቁት የሟች የሥራ ጓደኛ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ቀደሙ፤ «ወይኔ የኔ ቆንጆ፣ በልጅነትሽ እንዲህ ታምሪ ነበር?» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሌሎቹም ተከተሉ። ተዋናይቷ በአገሯ እንኳ እንዲህ የተለቀሰላት አይመስልም። አንዱ ሣቁን በመሐረብ ሲያፍን ትከሻው ተናጠ፤ ጎረቤቱም «አይዞህ፣ በቃ» አለው።

አበጋዝ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየው። «ቀይ ነበረች» አለ።

አፀደ ያመነ መሰላት።

የወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ለቅሶ ግን ከማስመሰል አልፎ እውነት ሆነባቸው። በአገር ወግ እህት በወንድሟ ስም ትወደሳለችና አፋቸው ቀደማቸው፦

«የማንደፍሮ እኅት፣ የወንድሟ ኩራት፣
ሞት በሰው አገር ላይ በምን ስሟ ጠራት?»

ማንም ቀና አላለም። ወይዘሮዋ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ።

አበጋዝ ተነሥቶ ካፖርቱን ለበሰ። ወደ አፀደ ጎንበስ ብሎ፣ «እግዜር ያጥናሽ። ለማንደፍሮ መርዶውን ማን ያደርስለታል?» አላት።

«ማንደፍሮ የሚባል ሰው አላውቅም።»

«እሱማ አንዴ አልቅሶላታል። እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ፤ ንፍሮ ቆርጥሜያለሁ።» ባርኔጣውን ደፋ። «ሰሞኑን አገር ቤት እገባለሁ። እኔው አደርስለታለሁ።»

በሩ በቀስታ ተዘጋ።

አፀደ የፎቶውን ክፈፍ ከጀርባው ከፈተችው። ከተዋናይቷ ኋላ አንዲት ጉርድ ፎቶ ተደብቃለች፦ ብዙወርቅ፣ ያልተኳለች፣ ቅንድቧ የሳሳ። አፀደ የእናቷን ኩል አንስታ ጫፉን ወደ ፎቶው አስጠጋች። ከዚያ ኩሉን መልሳ ከደነችውና እናቷን ሳትኳላት፣ እንዳለች ከተዋናይቷ ፊት አቆመቻት።