ግድግዳው ገፋኝ

ጋሽ ብርሃኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነው ኖረው ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ መርሳ ገበያ ዳር የዘሀራን ሱቅ ግድግዳ ተደግፈው መዋል ልማዳቸው ነው። በጭቃ የተመረገው ግድግዳ ለጀርባቸው ልክ ነበር። አንድ ቀን ግን ዘሀራ ብቅ አለችና፣

«ይቅር ይበሉኝና ጋሽ ብርሃኔ፣ ግድግዳዬን እየገፉ አጋደሉት እኮ» አለቻቸው።

ነገሩ ከነከናቸው። ቤት ሲገቡ ለልጃቸው ለናርዶስ አጫወቷት። ናርዶስ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ያን ሰሞን ፊዚክስ የሚማሩት ስለ ንክኪ ኃይል ነበር።

«አባዬ፣ አንተ ስትገፋው እሱም ይገፋሃል። እኩል ነው።»

ጋሽ ብርሃኔ ወገባቸውን ዳበሱ። ለካ ያ ሁሉ ቁርጥማት ከዚህ ኖሯል! በነጋታው ዘሀራን እዚያው ሱቋ ደጅ ሽማግሌ ፊት አቆሟት።

ሽማግሌው ሼህ ጀብሪል ክሱን ሰምተው፣ «ማነው የጀመረው?» አሉ።

«እሱን ነው ያጣሁት፤ እኔ ስገፋ እሱም ይገፋል።»

«ሱብሃነላህ!» አለች ዘሀራ። «እስኪ ራቅ ብለው ይቁሙና ይታይ!»

ራቅ አሉ። ግድግዳው ንቅንቅ አላለም።

«ካልነኩት አይነካም» አሉ ሼሁ። «ጨዋ ነው።»

«እርስዎም ይደገፉትና ይዩት እንጂ!» አሉ ጋሽ ብርሃኔ።

ሼሁ በትራቸውን አስቀምጠው ተደገፉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ወላሂ፣ ይገፋል!»

ይህን የሰማ ገበያተኛ ሁሉ ከበባቸው። ጤፍ ሻጩም የባጃጅ ሾፌሩም እየመጡ ተደገፉ። «እኔንም ገፋኝ!» «በኔስ በረታ!» በመጨረሻ ዘሀራ ራሷ በትከሻዋ ስትሞክረው፣ ግድግዳው መግፋቱን ተወና ወደ ውስጥ ተኛ። ሰዉም ሳሙናና ስኳሩ ላይ አብሮ ተኛ።

አቧራው ጋብ ሲል ሼሁ ከፓስታ ካርቶን መሀል ሆነው ፈረዱ፦

«የገፋ ሁሉ ይሥራ።»

ጭድ መጣ፣ ጭቃ ተቦካ። ጋሽ ብርሃኔም ጡረተኛ ነኝ ሳይሉ ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃውን ረገጡ። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ሲቆም ዘሀራ አግዳሚ ወንበር አወጣችላቸው፤ ተቀመጡ። ናርዶስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠሯት።

«ይኸ ወንበርስ?»

«ወደ ላይ ይገፋሃል።»

ብድግ አሉ። «ስቆምስ?»

«ያኔ መሬቱ ነዋ።»

አንድ እግራቸውን አነሡ። በሌላው እግራቸው ግፊያው በረታባቸው።

«ባይገፋኝስ?»

«ትሰምጣለህ፣ አባዬ።»

ጋሽ ብርሃኔ መሬቱን አዩ፣ ወንበሩን አዩ።

«እንግዲያ ይግፋ» አሉና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

«ቀስ ብለው ይቀመጡ!» አለች ዘሀራ ከውስጥ።