የደባሱ አንገት

ደባሱ ወደ ሚሊሺያ ዘመቻ ብቻውን ሄዶ ብቻውን አልተመለሰም። ሌላ ሰው የማይሰማቸው ድምፆች ተከትለውት መጡ፤ ይሰድቡታል፣ ያሾፉበታል፣ ሲብስባቸውም "በል ገደሉን ውረደው" ይሉታል። ሁለት ጊዜ ከአፋፉ ከመለሰችው ወዲያ እህቱ ባንችይርጋ እግሩን በሰንሰለት አስራ፣ ከላስታዋ ብልባላ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለ ጠበል አስገባችው።

ጤና ረዳቱ ከፋለ ያገኛቸው እዚያ ነው። አዲስ አበባ፣ ከአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሦስት ወር ተምሮ የመጣ ሰው ነበር፤ በዚያ አገር ይህን የተማረ ሁለተኛ የለም። ሲጨንቀው የሚያማክረው አጥቶ ደብዳቤ ቢጽፍ እንኳ፣ መልሱ እስኪመጣ በሽተኛው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል።

"አጥማቂው መምሬ ኪኒንና ጠበል አይስማሙም ይላሉ" አለችው ባንችይርጋ። "ከሰሙ ያባርሩናል፣ ሐኪም።"

"እንግዲያው አይስሙ።"

ድምፆቹን የሚያርቀውን፣ ሃሎፔሪዶል የሚባለውን ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ሰጣት። ሰውነት እንዳይገተር አብሮት የሚዋጥ ሌላ ኪኒን ነበር፤ እሱ አልቆበታል። "ያለሱም ይሆን ይሆናል" ብሎ ተወው። እሷም እየፈጨች በበሶ ለወሰችለት።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሊጠይቀው ሲመጣ እልልታ ሰማ። ደባሱ ከጠበሉ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተዘርሯል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሎ፣ ምላሱ ወጥቶ። አጥማቂው መምሬ ወልደ ኪዳን በመስቀላቸው ይዳብሱታል።

"ልቀቅ! ስምህን ተናገር!"

"ወይ ፍንክች! ትዕቢተኛ ነው" አለ አንዱ።

"የጦር ሜዳ ጋኔን ለአስር አለቃ እንጂ ለቄስ መች ይታዘዛል!" ብሎ ሌላው አሳቀ።

ጠበሉን በላይ በላዩ ያፈሱበታል። መዋጥ አቅቶት ትን ይለዋል።

ከፋለ ገና ሲያየው ገባው። የሚያፍታታው መርፌ በቦርሳው አለ። ዝም ብሎ ቢወጋው ጋኔኑ ለቀቀ ይባላል፤ ኪኒኑም በድብቅ ይቀጥላል። ግን የደባሱ እንባ ወደ ጆሮው ሲወርድ አየ። ሁሉን ይሰማል።

"መምሬ፣ ይማሩኝ፤ ያቁሙ። ይሄ ጋኔን አይደለም። የኔ መድኃኒት ነው።"

"የምን መድኃኒት?"

"ኪኒን። ባንችይርጋን ያግባባኋት እኔ ነኝ። አብሮ የሚሰጠውን ሳልሰጠው ቀረሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

ባንችይርጋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። "አዋረድከኝ" አለችው። እስከዚያች ሰዓት አንተ ብላው አታውቅም።

ከፋለ መርፌውን ወጋው። መምሬ ሕዝቡን በትነው መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። የደባሱ አንገት ቀስ በቀስ መፈታት ሲጀምር፦

"ቀድሞ ለምን አልነገርከኝም፣ ልጄ?" አሉ።

"ያባርሩታል ብዬ።"

"አዎን፣ አባርረው ነበር።"

ደባሱ ተነስቶ ተቀመጠ። "በሶው መምረሩን አውቄያለሁ" አለ ምላሱ እየተሳሰረ። "የጠየቀኝ ግን የለም።"

ከፋለም መምሬም አንገታቸውን ደፉ።

"ድምፆቹ ከትናንት ጀምሮ ርቀውኛል። ሲሰድቡኝም ቢሆን ሰዎች ነበሩ። አሁን ወና ቤት ሆንኩ።"

ከፋለ ጎንበስ ብሎ አንገቱን ዳሰሰ።

"አንገት እንዳያጣምም አብሮ የሚዋጠውን ይዘው ይምጡ" አለው ደባሱ። "ያኔ በገዛ እጄ እውጣለሁ። እስከዚያ ኪኒኑን አልነካም።"

"ወልድያ ነው ያለው። ደርሼ እስክመለስ አራት ቀን ነው። ድምፆቹ ከዚያ በፊት ቢመለሱብህስ?"

መምሬ ወልደ ኪዳን ከጠበሉ በታች ያለውን ገደል በመቋሚያቸው ጠቆሙ።

"አራቱን ቀን በገደሉ በኩል የምተኛ እኔ ነኝ። ሂድ።"

ከፋለ ኪኒኑ ዳግመኛ እንዳይገትረው ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ውሎ አደረ። በማግሥቱ ጧት ቦርሳውን አንግቶ ተነሳ። በላስታ እንግዳ ሳይሸኝ አይሄድም፤ ቢያንስ እስከ ወንዙ። ባንችይርጋ ከጎጆው ደጅ ተቀምጣ በሶ ትበጠብጣለች፤ ቀና አላለችም። ከወንዙ ሲደርስ ቆም ብሎ ዞረ። የተከተለው አልነበረም። ጫማውን አውልቆ ተሻገረ።