ቀዳዳው ቆርቆሮ

እናታቸው በሞተች በወሩ ወንድምና እህት ልብሷን ሊለዩ ሳጥኗን ከፈቱ። ከሹራቦቹ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ፣ መዳፍ የሚያክል ቆርቆሮ ወጣ። መሃሉ ላይ ከጣት የቀጠነ ረጅም ቀዳዳ አለው። ጠርዙ እጅ እንዳይቆርጥ ተቀልብሶ ተቀጥቅጧል፤ አንዱ ጥግ ከመያዝ ብዛት ያብለጨልጫል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? የቀጫጭን ሌቦች መግቢያ?» አለ ወንድሟ። «ጣዪው ባክሽ።»

«እማዬ በጨርቅ የጠቀለለችውንማ አልጥልም፣ ወንድም ጋሼ። ቆርቆሮ ሠሪውን ልጠይቀው።»

እውነቱን ለመናገር ከክፍሉ መውጫ ሰበብ ፈልጋ ነው። ወንድሟ ከመጣ ጀምሮ ከእሱ ጋር ብቻዋን መሆንን ትሸሻለች። የዛሬ ሃያ ዓመት ከሩቅ ከተማ የላከውን ደብዳቤ ማንበብ ለማትችለው እናቷ ያነበበችላት እሷ ነበረች። «እኔ ጋ መጥተሽ ኑሪ፤ ጉልበትሽንም አሳክምሻለሁ» የሚለው ጋ ስትደርስ ዘለለችው። መንታዎቿ ገና ጡት አልጣሉም፤ እሷ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል በፈረቃ ትሠራለች። እናቷ ከሄደች ማን ይይዝላታል? «ደህና ነኝ፣ ናፍቃችሁኛል ነው የሚለው» ብላ ደብዳቤውን አጥፋ ሰጠቻት። እናቷ እያነከሰች መንታዎቹን አሳደገች። ወንድሟም መልስ ሲያጣ እናቴ ንቃኝ ነው ብሎ ተቀየመ፤ ነገሩን ዳግመኛ አላነሳም።

ቆርቆሮ ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ አገላበጠው። «የእጄ ሥራ ነው። ለምን እንደሆነ ግን እኔን አትጠይቂኝ። የጎልማሶች አስተማሪዋ ሠላሳ ሥራ አሉኝ፣ ሠላሳ ሠራሁ። ከእሳቸው ጋር ማን ይከራከራል!» ብሎ ቤታቸውን አሳያት።

ጡረታ የወጡት አስተማሪ ቆርቆሮውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። ጋዜጣቸው ላይ አስቀመጡት፤ በቀዳዳው አንድ መስመር ብቻ ታየ።

«ጎልማሳ ማንበብ ሲጀምር ዓይኑ ይቅበዘበዛል፣ ልጄ። ይሄ መስመር እንዳይዘለል ነው። አንዱን ስትጨርሺ ዝቅ ታደርጊዋለሽ።»

ጆሮዋ ጋለ። «እናቴ እኮ ማንበብ አትችልም ነበር።»

«እንዴት አትችልም! ሁለት ዓመት ሙሉ አንዱን ሕፃን አዝላ፣ አንዱን ታቅፋ ከሰዓት ከሰዓት ትመጣ ነበር። የልጄን ደብዳቤ በራሴ ዓይን ሳላነብ አልሞትም እያለች። እዚሁ ነው አንብባ የጨረሰችው።»

«ምን አለች?»

«ደብዳቤውን መልሳ አጠፈችው። ከዚያ ‹ልጄ ደክሟት ነው፣ ዘላዋለች› አለች። መልስ እንጻፍለት ብላት፣ ‹አሁን ብነግረው እህቱን ይቀየማታል፤ እኔኑ ይቀየመኝ› አለችኝ።»

እንዴት ቤት እንደደረሰች አታውቅም። ወንድሟ ሹራብ ያጥፋል።

«እህስ? ምንድን ነው አሉሽ?»

«አላወቁትም» የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እንቢ አላለችህም።»

«የምኑን?»

«ያኔ ነይ ብለህ የጻፍክላትን። እኔ ነኝ ያላነበብኩላት። ልጆቹን ትታብኝ እንዳትሄድ ብዬ። በኋላ በዚህ ቆርቆሮ ማንበብ ተምራ፣ ራሷ አንብባው ለእኔ ስትል ዝም አለች።»

ወንድሟ ያጠፈውን ሹራብ ፈታው፤ መልሶ አጠፈው።

«ሃያ ዓመት» አለ በመጨረሻ። «ሃያ ዓመት እናቴን…»

መንገዱን ሁሉ «ይቅር በለኝ» የሚለውን ስትለማመድ ነበር የመጣችው። አሁን አፏ ውስጥ አነሰባት። በሩ ላይ እንደቆመች፣ የሚላትን ሁሉ ልትሰማ ጠበቀች።