ተቀምጦ የማይባል ቃል

መምህር ወልደአማኑኤል፥ እንግዳ ሲገባ ከመቀመጫው ሳይነሣ «ኖር» የሚለውን ሰው ሐሰተኛ ይሉት ነበር፤ ቃሉ የመነሣት ቃል ነውና። ሠላሳ ዓመት ይህን ሲያስተምሩ ኖሩ። በኋላ ፍርዱ በራሳቸው ላይ ወደቀ።

በ፲፱፻፸፪ ዓ.ም. ባልደረባቸው ደበሌ ከሁለት ዓመት እስራት ተፈትቶ፥ የገዛ ቤቱን ሳያይ፥ በአዋሳ ከተማ በስተ ምሥራቅ ወደሚገኘው ወደ መምህሩ ቤት ገባ። መምህሩ ሊነሡ አሰቡ፤ ጉልበታቸው አልታዘዘም። ፊታቸውም ደርቆ ፈገግታ እንቢ አላቸው። አልተነሡምና «ኖር» አላሉም። በዚያ ዘመን ከእስር የወጣን ሰው ሰላም ለማለት የሚፈሩ ብዙዎች ነበሩ፤ ደበሌ እርሳቸውንም ከእነዚያ ቆጥሮ ከደጃፉ ተመለሰ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ደጃቸውን የሚረግጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

ይህ፥ ፓርኪንሰን የሚባለው አካልንና ፊትን የሚያደርቅ ሕመም መሆኑ የታወቀው በዓመቱ ነው። ቤታቸው እየመጣች የምትከታተላቸው ነርስ ካሰች ጉልበታቸውን የሚያጸኑበትን እንቅስቃሴ አሳየቻቸው፤ እግርን ወደ ኋላ ሰብስቦ፥ ደረትን ወደ ፊት አዘንብሎ፥ እጅን በደረት አጣምሮ ከወንበር መነሣት፤ ቀስ ብሎም መቀመጥ።

በመጀመሪያው ወር አንድ ጊዜ እንኳ አልሆነላቸውም። አንድ ቀን ወድቀው፥ የሚሰማቸው ሰው ስለሌለ፥ እስከ ቀትር ወለሉ ላይ ቆዩ። በአምስተኛው ወር ግን፥ ለባዶው ክፍል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እየቈጠሩ፥ ዐሥር ጊዜ ተነሡ።

«አባባ፥ አምስት ይበቃል አላልኩም? ለውድድር ነው እንዴ?» አለች ካሰች፥ በማግስቱ መጥታ ይህን ሲነግሯት።

«የምነሣለት ሰው አለ። ደበሌን ና በይልኝ። ሌላ ቃል አትጨምሪ።»

ካሰች ደበሌን አሞራ ገደል በሚባለው የሐይቅ ዳር ዓሣ ገበያ፥ ከእስር ወዲህ በያዘው ሥራ ላይ፥ ዓሣ ሲመዝን አገኘችው። አዘነችላቸውና ቃል ጨመረች።

እሑድ ደበሌ መጣ። መምህሩ እግራቸውን ሰበሰቡ፤ ደረታቸውን አዘነበሉ። እርሱ ግን ተንደርድሮ ገብቶ፥ ሁለቱን ትከሻቸውን ይዞ መልሶ አስቀመጣቸው።

«በሞቴ አይነሡ፥ ጋሼ። ካሰች ሁሉን ነግራኛለች። እኔ ሞኙ፥ ፈርተውኝ መስሎኝ ነበር።»

«እጅህን አንሣ፥ ደበሌ።»

«ወድቀው ሊሰበሩብኝ? አላደርገውም።»

«እንግዲያው ውጣና እንደገና ግባ።»

ደበሌ ሕመሙ ወደ አእምሯቸው የወጣ መሰለው። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

«እሺ፥ እገባለሁ» አለ፥ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ዛሬ ይረፉ። ሌላ እሑድ መጥቼ አይዎታለሁ።» በሩንም ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

መምህሩ እጃቸውን በደረታቸው አጣምረው፥ ምንም ሳይደገፉ፥ ተነሡ። የግቢው በር ሲዘጋ ሰሙ። ለእንግዳ የተነሣ ሰው እንግዳው ሳይቀመጥ አይቀመጥም፤ እርሳቸውም ጉልበታቸው እስኪከዳቸው ድረስ ቆሙ።