ቀዮቹ እንዲያሸንፉ ጸልዩልኝ

የጸሎት ሣጥኑ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አራት ሰዎች እንሰበሰባለን። ሣጥኑን እከፍታለሁ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነባለሁ፣ ከዚያ ተንበርክከን እንጸልያለን። ያነበብነውን ለሚስቶቻችን እንኳ አናወራም። ሕመም አለ፣ ሥራ ማጣት አለ፣ ከቤት ወጥታ የቀረች ልጅ አለች። ስሙን የሚጽፍ ጥቂት ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃቸዋልና እኛም አንጠይቅም።

አንድ ረቡዕ ቡናማ ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈ ልመና አገኘሁ። «ቅዳሜ ቀዮቹ እንዲያሸንፉ ጸልዩልኝ» ይላል። ሌላ ቃል የለውም።

ደሜ ፈላ። ለማንም ሳላነበው አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። በሚቀጥለውም ሳምንት መጣ፤ ያው ቡናማ ወረቀት፣ ያው እርሳስ፣ ያው ልመና። በሦስተኛውም፣ በአራተኛውም እንደዚያው። ለሦስቱ ባልንጀሮቼ አላሳየኋቸውም። ሰው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖ ልመናውን በሚጥልበት ሣጥን ውስጥ ኳስ የሚጨምር ሰው፣ የሚያስፈልገው ተግሣጽ እንጂ ጸሎት አይደለም ብዬ ነበር።

ኳስ የጠላሁት በምክንያት ነው። ወጣት ሳለሁ እኔም የቀዮቹ ደጋፊ ነበርኩ። ደጋፊ ማለት ያንሰዋል፤ ሲሸነፉ እህል አይወርድልኝም ነበር። አባቴ የተቀበረ ዕለት የዋንጫ ጨዋታ ነበር። ትንሿን ሬዲዮ ኪሴ ከትቼ፣ የጆሮ ማዳመጫዋን ሽቦ በእጅጌዬ ውስጥ አሳልፌ፣ ራሴን በእጄ የደገፍኩ መስዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆምኩ። ሰው ሐዘን ያዞረኝ መስሎት ትከሻዬን ይዞኝ ነበር። አባቴን ሲያወርዱት ቀዮቹ አገቡ፤ እኔም «ጎል!» ብዬ ጮህኩ። እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም፣ አየችኝ ብቻ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኳስ አይቼ አላውቅም፤ ወደ ጌታ የመጣሁትም በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ወጣቶቹ ስለ ኳስ ሲያወሩ ከደረስኩ ጸጥ ይላሉ። ከኋላዬ «ቀይ ካርድ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ስሙ ደስ ይለኝ ነበር።

አምስተኛው ወረቀት ሲመጣ አላስቻለኝም። እሑድ ማስታወቂያ የማነበው እኔ ነኝ። የሠርጉንና የመዘምራኑን ልምምድ ሰዓት ተናግሬ ስጨርስ ቡናማዋን ወረቀት ከኪሴ መዘዝኩ።

«ከመካከላችን አንዱ» አልኩ፣ «እግዚአብሔርን የቀዮቹ አሰልጣኝ አድርጎ ሊቀጥረው አስቧል። ተቀያሪ ወንበር ላይ እንዳያስቀምጠው ብቻ እፈራለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። መጋቢው እንኳ አፉን በመሐረቡ ሸፈነ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ሦስተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጠው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ስንወጣ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ልክ ልካችንን ነገርከን» አለኝ። እሱ ራሱ የቀዮቹ ደጋፊ መሆኑን ስለማውቅ፣ በራሱ የሚስቅ ትሑት ሰው ብዬ አደነቅኩት።

ወረቀቱ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሣጥኑ ውስጥ ኳስ አልነበረም። አንድ ነፍስ አቃናሁ ብዬ ደስ አለኝ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ፤ የእኔ ራስ ከተመለጠ ቆይቷል፣ አፌን ግን አላወቅኩም ነበር።

ሥራዬ ቴሌቪዥን ጥገና ነው። ሰኞ ጠዋት የሹፌሩ ሚስት ቴሌቪዥን በአንሶላ ጠቅልላ ሱቄ መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። የመዘምራኑን ልብስ የሰፋችው እሷ ስትሆን፣ አዳራሽ ውስጥ ግን ሁልጊዜ በሩ አጠገብ ነው የምትቀመጠው። ሰላም ስትለኝ ቀና ብላ አላየችኝም።

«ምን ሆኖ ነው?» አልኳት።

«ወድቆ ነው፣ ጋሼ።»

አንሶላውን ገለጥኩ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ቴሌቪዥን ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። የወደቀ ቴሌቪዥን የሚሰነጠቀው ከጠርዙ ነው። ይህኛው መሃሉ ላይ ተሰርጉዶ ስንጥቁ ወደ አራቱም ማዕዘን ሮጧል፤ ስንጥቁ ውስጥም የሪሞት ስባሪ ተቀርቅሯል። የሴትየዋም ቀኝ እጅ አንጓው ላይ በጨርቅ ታስሯል።

«እጅሽስ?»

«እሱም... ወድቄ ነው።»

«ሁለታችሁም በአንድ ቀን?» አልኩ። ቀልድ መሆኑ ነበር። አልሳቀችም።

ዕቃ እንዳይቀያየርብኝ የባለቤቱን ስም ከጀርባው እለጥፋለሁ። «ስምሽንና ስልክሽን ጻፊልኝ» አልኳት። የልብስ ልክ ከምታወጣበት ቡናማ ወረቀት ከቦርሳዋ ቀደደች፣ እርሳስ አወጣች፣ በታሰረው እጇ ቀስ ብላ ጻፈች። ተቀበልኳት። የእጅ ጽሑፉ ያው የሣጥኑ ነበር።

የዚያ እሑድ ወረቀት አሁንም ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ ከአዲሱ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አየችው።

«ያንቺ ነው?»

ወረቀቱን በጣቷ ገፋ አደረገችው።

«እኔ ኳስ አላውቅም፣ ጋሼ» አለች። «ስንት ሆነው እንደሚጫወቱ እንኳ አላውቅም። ሲያሸንፉ እየዘፈነ ይገባል፣ ልጆቹን ትከሻው ላይ ያወጣቸዋል። እኩል ሲወጡ ሳይናገር ይተኛል። ሲሸነፉ...» የታሰረውን እጇን በሌላው ሸፈነችው። «ኳስ አይደለም የለመንኩት። አንድ ቅዳሜ ነው የለመንኩት።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ሲስቅ የነበረው ሰውዬ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ጀርባዬን መታ መታ ያደረገበት እጅ አሁንም እዚያው ያለ መሰለኝ።

«ታዲያ እውነቱን ለምን አልጻፍሽም?»

«ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ማን ያምነኛል?» ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። «ግን ጸልያችሁ ነበር አይደል? ከአምስቱ ሁለቱን አሸንፈዋል። የእናንተ ጸሎት ነው ብዬ ነበር።»

አዎ ማለት እችል ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር።

«አልጸለይንም» አልኳት። «ለሌሎቹም አላሳየኋቸውም። ይቅር በይኝ።»

አንገቷን ነቀነቀች፤ የለመደችው ነገር ይመስል። ማልቀሷ ይሻለኝ ነበር።

«ለመጋቢው ልንገረው?»

«እንዳይነግሩት! መናገሬን ባሌ ካወቀ የባሰ ነው። መጀመሪያ የለመንኩትን ይጸልዩልኝ።» አንሶላዋን አጥፋ ወጣች።

ረቡዕ ወረቀቷን እንዳለ አነበብኩ። ባልንጀሮቼ የቀለድኩ መሰላቸው። ጡረታ የወጣው ፖስተኛ «ዛሬስ ቀይ ካርድ በራሱ ላይ መዘዘ» ብሎ ሳቀ።

«ጸልዩ» አልኩ። ድምፄን ሲሰሙ ሳቁን ተዉት። ተንበርክኬ፣ በረኛቸው ማን እንደሆነ እንኳ ሳላውቅ፣ ቀዮቹ እንዲያሸንፉ ከአንጀቴ ለመንኩ። ያኔ ነው የገባኝ። አባቴ መቃብር ላይ የጮህኩት እኔ እንጂ ኳሱ አልነበረም። ኳሱን ከቤቴ አስወጥቼ ከሚጮኸው ሰው ጋር ግን አብሬ ስኖር ከርሜያለሁ፤ እሑድ ማስታወቂያ ይዞ የወጣውም እሱ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ሬዲዮ ከፈትኩ። ስንት ዓመቴ! ቀዮቹ ቀድመው አገቡ፤ ከእረፍት በኋላ ተቆጠረባቸውና እኩል ሆኑ። «እኩልም ይበቃል፣ ጌታ ሆይ፣ እኩል ሲወጡ ይተኛል» እያልኩ ነበር። ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ሁለተኛው ገባባቸው።

ሱቄን ዘጋሁና ወጣሁ። ከኳስ ማሳያ ቤቶቹ ሰው እየተሳደበ ይፈስ ነበር። በዚህ ዕድሜዬ ሮጥኩ። በሯን ሳንኳኳ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቀጥ አለ።

«ተሸነፉ አይደል?» አለች ስትከፍትልኝ።

ሁለቱ ልጆች ጫማቸውን እንዳደረጉ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ አባታቸው ሳይተኛ ጫማ እንደማያወልቁ በኋላ ነው የነገረችኝ።

ሹፌሩ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ሲያየኝ ፊቱ ተለወጠና ያ የሦስተኛው ረድፍ ፊት መጣ።

«ወንድሜ! ምን እግር ጣለህ?»

«ቀዮቹ ተሸነፉ። አብረን እናምሽ ብዬ ነው።»

«አንተ ደግሞ ኳስ ምኔ ነው ትላለህ።»

«ዛሬ ሰማሁ። እኩል ሊወጡልን ነበር።»

ዳኛውን ረገመ፣ በረኛውን ረገመ። ዓይኑ ግን ከሚስቱ አይነቀልም ነበር፤ ይህን ሰው ማን ጠራው የሚል ዓይን ነው። ወንበሬን በሁለቱ መካከል አደረግኩት። እራት በላን። የመኪናውን ጎማ፣ የመንገዱን ብልሽት እየጠየቅኩ አስወራሁት። ፈርቼ ነበር፤ ቢሆንም አልተነሳሁም። በመጨረሻ ወሬው ተጎተተ፣ ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ እንቅልፍ ወሰደው። ልጆቹ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ፈቱ።

በር ድረስ ሸኘችኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ። የዛሬዋን ቅዳሜ አገኘኋት» አለች። ትንሽ ቆይታም «የሚመጣው ቅዳሜስ፣ ጋሼ? እነሱ እንደሆኑ ሁልጊዜ አያሸንፉም» አለች።

ሁልጊዜ እመጣለሁ ብዬ መዋሸት አልፈለግኩም። «እውነቱን የጻፍሽ ዕለት አጥፌ ኪሴ አልከተውም» አልኳት። «የምታምኚኝ ከሆነ ይህን ብቻ ነው ቃል የምገባልሽ።»

ረቡዕ ሣጥኑን ስከፍት ቡናማዋ ወረቀት ከሁሉ በላይ ነበረች። በዚህ ጊዜ በእስክሪብቶ ነው የጻፈችው፤ ከሥሩም ስሟ አለ፣ ከነአባቷ ስም። ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ።

«ባሌ ይመታኛል። ለመጋቢው ንገሩት። ጸልዩልኝ፤ ኑልኝም።»

ፖስተኛው እንደ ልማዱ ሊንበረከክ የወንበሩን መደገፊያ ያዘ። ከዚያ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ ራሱ አነበበው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ ኮቱን ከመስቀያው አነሳ። እኛም ኮታችንን አነሳን። መጋቢውን ከቢሮው ጠርተን አምስት ሆነን ወጣን። የዚያን ረቡዕ ጸሎታችንን የጸለይነው እየሄድን ነው።