ለአባቷ የጻፈችው መቶ

ያዚኒ ፈተና ፈርታ አታውቅም። የዚያን ማክሰኞ ጠዋት ግን ትምህርቷን አቋርጣ፣ ከኮሌጁ በር እስከ ፓምፕ ፋብሪካው ድረስ ሮጠች። የምትሮጠው ለአባቷ እጅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነበር። በሕንዷ ኮይምባቶር ከተማ የማምረቻ ምህንድስና የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ለሥራ ጥናት ኮርስ የታዘዙት ቀላል ነገር ነበር፤ ፋብሪካ ሄዶ አንድ ሠራተኛ መምረጥና አንዷን ቁራጭ በስንት ሰከንድ እንደሚያወጣ መለካት። ሰዓት የያዘ ሰው አጠገቡ ሲቆም፣ ፈጥኖ ከታየ ኮታው ይጨምርበታልና፣ ሠራተኛ ሁሉ ይጎተታል፤ የማይጎተት ሞኝ የት ይገኛል? ያዚኒ ግን የለካችው የገዛ አባቷን ነው። ታንጋቬል ለሞተር የሚሆን ላሜራ በማሽን እየቆረጠ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል። ልጁ ሰዓት ይዛ ስትቆምለት ያን ቀን እጁ ክንፍ አወጣ።

በቅጹ መጨረሻ ላይ የሠራተኛው ፍጥነት የሚሞላበት ሣጥን አለ። ያዚኒ ሳታስበው መቶ ብላ ጻፈች፤ ወዲያው ልታጠፋው ላጲስ ስታነሳ አባቷ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?»

«ላንተ የምሰጠው ቁጥር ናት።»

«መቶ! እንዳትነኪያት እማዬ፣ በሞቴ!» አለና ማሽኑን አቁሞ ከጎኑ ባለው ማሽን ላይ ቢተል ቅጠሉን ወደሚያኝከው ባልደረባው ዞረ። «ካሩፓያ! ልጄ ከመቶ መቶ ሰጠችኝ! አራተኛ ክፍል ላይ ሠላሳ ያልሞላልኝን ሰውዬ!»

«አድልታ ነዋ!» አለ ካሩፓያ። «እኔንስ ብትለኪኝ ምናለበት፣ ኢንጂነር? ሽበቴን ተጸይፈሽ ነው?»

ያዚኒ ላጲሷን ኪሷ ውስጥ መለሰችው። በዚያ ሣጥን ውስጥ መቶ ምን ማለት እንደሆነ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የአባቷ ፊት እንደዚያ ሲበራ አይታ ስለማታውቅ አሳዘናት፣ በቃ።

ማክሰኞ ጠዋት መምህር ማሩዳቻላም ወረቀቱን ይዘው ጠሯት።

«መቶ ማለት እንደማንኛውም ሰው ሠራ ማለት ነው። ሰውየው እንደማንኛውም ሰው ነው የሠራው?»

«አይ መምህር… በጣም ፈጥኖ ነበር።»

«እንግዲያው መቶ ሠላሳ አምስት ትጽፊለታለሽ፤ ያኔ ለአንዷ ቁራጭ የሚፈቀደው ጊዜ ይረዝማል። ይህን ወረቀት ከእኔ ሌላ የያዘ አለ?»

ቅጂውን የፋብሪካው አለቃ ወስዶታል። ቅዳሜ ማታ አባቷ ትከሻውን እያሸ «አዲስ ኮታ አወጡብን» ሲል ሰምታ ነበር። እንዴት ትደርሱበታላችሁ ስትለው «መላ አናጣም» ብሎ ሳቀ። መላው ምን እንደሆነ አሁን ገባት።

ማሽኑ ሁለት ቁልፎች አሉት። የሚቆርጠው ብረት የሚወርደው ሁለቱ በሁለት እጅ አንድ ላይ ሲጫኑ ነው፤ እጅ ከሥሩ እንዳይገኝ ተብሎ የተሠራ ነው። ኮታ የጠበበት ሰው ግን በግራው ቁልፍ ላይ የቀርከሃ ስንጥር ይሰካበትና በግራ እጁ ላሜራ እየገፋ በቀኙ ብቻ ይጫናል። በዚያ ሰፈር ጣቱ የጎደለ ሰው ሲያዩ «የትኛው ፋብሪካ?» ይላሉ እንጂ «ምን ሆኖ?» አይሉም።

እያለከለከች ገባች። ስድስቱም ማሽኖች ላይ የእሷ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተለጥፏል።

«መጣሽ ኢንጂነር?» አለ ካሩፓያ አዲስ ላሜራ እያስገባ። «ባንቺ ጦስ ምራቄን የምውጥበት ጊዜ አጣሁ!»

ዓይኗ የአባቷ ግራ ቁልፍ ላይ ተተክሏል። ስንጥሩ አለ። ግራ እጁ ከብረቱ ሥር ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል።

ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ማሽን ላይ ያለ ሰው አይጠራም፤ ይህን እዚያ ቤት የማያውቅ የለም። ሲጠሩት ቀና ይላል፣ ቀና ሲል እጁን ይረሳል። ላሜራው እስኪያልቅ መጠበቅ ነው፤ ከአንዱ ላሜራ ሃያ ሁለት ቁራጭ ይወጣል። መቁጠር ጀመረች። ሰባተኛው ላይ አባቷ ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። አሥራ ስድስት። ላሜራው ትንሽ ተጣመመበት፣ በጣቱ ጫፍ አቃናው፣ ብረቱ ወረደ። እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ሃያ። ሃያ አንድ። ሃያ ሁለት።

ታንጋቬል ዞረ። «እማዬ! ምነው፣ ክፍል የለሽም?»

«ስንጥሩን አውጣው አባዬ። መቶው ልክ አይደለም።»

ፊቱ ጠቆረ። «ቀነሱብኝ?»

«መቶ ማለት እንደማንም ሰው ማለት ነው። ያንተ መቶ ሠላሳ አምስት ነበር። ኮታውን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ሄጄ ለአለቃው እነግረዋለሁ። አውጣው በናትህ!»

«ከመቶ?» አለ ታንጋቬል ቀስ ብሎ። «ከመቶ ነው መቶ ሠላሳ አምስት?»

«ከመቶ።»

ስንጥሩን ነቅሎ ወለሉ ላይ ጣለው። ያዚኒ ሁለቱን እጆቹን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ነካች። አሥሩም አሉ። እፎይ ብላ ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች፤ ደረቱ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት።

«ካሩፓያ!» ብሎ ጮኸ ታንጋቬል ከራሷ በላይ። «ሰማህ ወይ ካሩፓያ? መቶ ሠላሳ አምስት!»

ካሩፓያ ሊቀልድበት አፉን ከፍቶ ቀና አለ። የእሱ ስንጥር ግን እንደተሰካ ነበር፤ ግራ እጁ ከብረቱ ሥር ሳለ ቀኙ እንደለመደው ቁልፉን ተጫነ።