የዘጠኝ ቤት ቀለብ

«አይገባም! በዚህ በር አንዲት ጆንያ አታልፍም!»

አቶ በለጠ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው የግቢውን በር ሞሉት።

አይሱዙው ሞተሩን ሳያጠፋ መንገዱ ዳር ቆሟል። ሠርካዲስ ከጋቢናው ዘላ ወረደች። ከሚሌ እስከ ሰመራ ፊቷ ላይ የተለጠፈውን አቧራ በሻሿ ጫፍ ጠርጋ ፊት ለፊታቸው ቆመች። ከኋላዋ መኪናው ላይ ጤፍ አለ፣ ሩዝ አለ፣ የዳቦ ዱቄት፣ ስኳርና ባለ ሃያ ሊትር የዘይት ጀሪካኖች አሉ። የዘጠኝ ቤት የወር ቀለብ ነው።

«ጋሽ በለጠ፣ ወደ ተከራየሁት ቤት ዕቃዬን ማስገባት ነው የፈለግሁት።»

«ይሄ ዕቃ ነው? ይሄ ሱቅ ነው! እኔ ያከራየሁሽ መኖሪያ ነው፣ መጋዘን አይደለም።»

የአቶ በለጠ ሱቅና ሠርካዲስ የተከራየቻት አንዲት ክፍል በአንድ ግቢ ውስጥ ፊት ለፊት ናቸው። የሰፈሩ ሰው በዚያ በር ገብቶ ከሱቁ ይሸምታል፤ እሷም አራት ዓመት ሙሉ ስትሸምት ኖራለች። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናት። ባሏ ፍቅረ ሥላሴ አዋሽ ላይ የከባድ መኪና መካኒክ ነው፤ የሚገናኙት በወር አንዴ ቢሆን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከሦስት ወር በፊት፣ ደመወዝ በወጣ ማግስት ነው። የአምስት ሊትር ዘይት ዋጋ ባንድ ሌሊት መቶ ሃምሳ ብር ጨምሮ ጠበቃት። ጀሪካኑ ያው የትናንቱ ነው፤ ላዩ ላይ የነበረው አቧራ እንኳ አልተነሳለትም። «ምነው ጋሽ በለጠ?» ስትላቸው «ገበያው ነው፣ እኔ ምን ላድርግ» አሏት። በዚያው ሳምንት ከአዋሽ ስትመለስ አውቶቡሱ ለምሳ ሚሌ ላይ ቆመ። ከደሴ በኩል የወረደ ጤፍ ከሚራገፍበት ሄዳ ዋጋ ጠየቀች። ከሰመራው በሩብ ያህል ይረክሳል። ችግሩ፣ ነጋዴው በኪሎ አይሸጥም፤ የአንድ ኩንታል ዋጋ ደግሞ ከወር ደመወዟ ይበልጣል።

ይህንን ለመሥሪያ ቤቷ የጽዳት ሠራተኛ ለሰኢዳ ነገረቻት። ሰኢዳ አፋር ናት፤ የስድስት ልጆች እናት። «እኛ ቤት ጤፍ እምብዛም ነው» አለች። «ሩዝና ዱቄት ካለበት ግን ወላሂ አለሁበት!» ሁለት ሆነው ጀመሩ፤ አምስት ሆኑ፤ አሁን ዘጠኝ ናቸው። ያለፉትን ሁለት ወራት በሚኒባስ ጣሪያ ጭነው አምጥተው፣ ሰው ሳያይ ተከፋፍለው ነበር። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የጭነት መኪና ተከራዩ፤ ሰውም አየ።

ሾፌሩ መሀመድአሚን አንገቱን በመስኮት አወጣ። «እህቴ፣ ዲቼቶ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ወይ አራግፉ ወይ ሌላ ቦታ አሳዩኝ።»

አቶ በለጠ እጃቸውን አጠፉና ወደ አጥሩ ጥግ ጠሯት። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሠርካዲስ፣ ወደዚህ አገር ስትመጪ ማን ነበረሽ? የመጀመሪያ ደመወዝሽ ሦስት ወር ሲዘገይ ማን አበላሽ?»

«እርስዎ ነዎት። አልካድኩም።»

«ታዲያ ውለታዬ ይሄ ነው? ሰው ሁሉ እንዳንቺ ሚሌ ከወረደ እኔ ምን ልበላ ነው?» ዙሪያቸውን አዩ። «ስሚኝ። ጤፉንም ዘይቱንም በሚሌ ዋጋ እሰጥሻለሁ። ለአንቺ ብቻ። ይሄን ማኅበርሽን ተዪው።»

ሠርካዲስ አሰበችው። በዚያ ፀሐይ መንከራተት፣ ከነጋዴ ጋር መጨቃጨቅ፣ ሰው ማስተባበር ሁሉ ሊቀርላት ነው። ክንዷ ላይ የጭነቱ ገመድ የላጠውን ቦታ አሸት አሸት አደረገች።

«ለሰኢዳስ?» አለች።

«ሰኢዳ ምንሽ ናት?»

«በሚሌ ዋጋ ሲሸጡልኝ አይከስሩም ማለት ነው?»

አቶ በለጠ ሸማች መጥቶ እንደሆነ ወደ ሱቃቸው ዞር ብለው አዩ።

«ለእኔ ካዋጣዎት ለሰኢዳም ያዋጣዎታል። ለሁላችንም ያድርጉት፣ ከነገ ጀምሮ ሚሌን አልረግጣትም።»

«ሱቄን አንቺ ልታስተዳድሪልኝ ነው?» ጮኹ። «በይ ወሩ ሲያልቅ ቤቴን ልቀቂ!»

ጩኸቱን ሰምታ ከሠርካዲስ ክፍል ጎን ያለችው ተከራይ፣ መምህርት ንጋትወርቅ፣ መጋረጃዋን ገለጥ አደረገች። ከዘጠኙ አንዷ ናት። የአቶ በለጠ ዓይን ሲያርፍባት ግን በሯን ቀስ አድርጋ ዘጋች። ከዛቻው ይልቅ ሠርካዲስን የዚያ በር መዘጋት አመማት።

ስልኳን አውጥታ ሰኢዳን ጠራቻት። ሰኢዳ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች እየሮጠች መጣች። ነገሩን ሰምታ ወደ አቶ በለጠ ዘወር እንኳ አላለችም፤ ቀጥታ ወደ ሾፌሩ ሄዳ በአፋርኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረችውና ጋቢናው ውስጥ ገባች።

«ወደ እኔ ቤት ነው። ባሌ ከብቶቹን ይዞ አፋምቦ ነው ያለው፤ አንዱ ክፍል ባዶውን ተቀምጧል። ግቢ እንጂ ሠርኬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በሰኢዳ ግቢ ሴቶቹ ከሥራ እያስፈቀዱ አንድ በአንድ ደረሱ። አንዷ ትሰፍራለች፣ አንዷ ጆንያ ትይዛለች፣ አንዷ ዘይቱን በማጥለያ ትቀዳለች። ዱቄቱ በላብ በራሰ ክንዳቸው ላይ ሊጥ ሆነ። በዚህ መሀል የሠርካዲስ ስልክ ጮኸ። ፍቅረ ሥላሴ ነው፤ አቶ በለጠ ደውለው ነግረውታል።

«ሰመራ ውስጥ በዚህ ዋጋ ክፍል የምታገኚ መሰለሽ? ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው።»

«ምን አጠፋሁ ብዬ?»

«ምንም አላጠፋሽም። ዝም ብለሽ ጠይቂያቸው።»

«ላላጠፋሁትማ አልጠይቅም፣ ፍቅሬ። ቤት እፈልጋለሁ። ካጣሁ ሰኢዳ ጋ አድራለሁ።»

ከአዋሽ በኩል መዶሻ ሲመታ ተሰማ። «ጤፉስ ጥሩ ነው?» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«ነጭ ነው። ታየዋለህ።»

አሥር ሰዓት ላይ የራሷንና የንጋትወርቅን ድርሻ በባጃጅ ጭና ተመለሰች። ሱቁ ደጃፍ ሸማቾች ስለነበሩ አቶ በለጠ በዓይናቸው ብቻ ተከተሏት። የንጋትወርቅን በር አንኳኳች። በሩ ጭራሮ የሚያስገባ ያህል ተከፈተ።

«ምነው ሲጨላልም ብታመጪልኝ?» አለች ንጋትወርቅ በሹክሹክታ።

«ለምን? ሰርቀሽ ነው እንዴ? በደመወዝሽ እኮ ነው የገዛሽው።»

ንጋትወርቅ ቀና ብላ አላየቻትም። ጆንያውን ግን ጎትታ አስገባች፤ ሲሚንቶው ላይ ሲፋቅ ግቢው ሁሉ ሰማ።

«ወሩ ሲያልቅ ብያለሁ!» አሉ አቶ በለጠ ከባንኮኒያቸው ኋላ።

«ሰምቻለሁ» አለች ሠርካዲስ የራሷን በር እየከፈተች። «ወሩ ሊያልቅ አሥራ ስምንት ቀን አለው። እስከዚያ ይሄ የእኔ በር ነው።»

ክፍሏ ገብታ ውኃ ጠጣች። ጥቂት ተቀምጣ ተነሣችና የአንድ ካርቶን ክዳን ቀደደች፤ በእስክሪብቶ «በጅምላ ከሚሌ መግዛት የሚፈልግ እዚህ ይመዝገብ» ብላ ጻፈችና በፕላስተር በሯ ላይ ለጠፈችው። ስኳር ልትገዛ የመጣች አንዲት ሴት ከሱቁ በኩል ዓይኗን አጥብባ ለማንበብ ሞከረች፤ አልቻለችም።

ሠርካዲስ እስከ ሱቁ ደረጃ ሄዳ ዞር ብላ አየችው። ፊደሉ ትንሽ ነው። ተመልሳ ካርቶኑን ከበሩ ላቀቀችው፤ ከምድጃው ከሰል አንሥታ ካርቶኑን ገለበጠችውና፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ በሚሞላ ፊደል እንደገና መጻፍ ጀመረች።